ሯጮቻችንና መጻሕፍቶቻቸው

ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚወስደውን መንገድ የተመለከተ ሰው ሯጮችን ያያል። ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆነው፣ አንዳንድ ጊዜም በረዥም ሰልፍ፣ ራሳቸውን በሹራብ ሸፍነው ወደ የካ ተራራ ደን ይወጣሉ። እኛ በምሥራቅ አዲስ አበባ ያደግን ተማሪዎች ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስላየናቸው እንደ ዶሮ ጩኸት ለምደናቸዋል። ነገር ግን የለመዱት ነገር ሁሉ ዐወቁት ማለት አይደለም።

ይህን ያስተዋልነው በታሪክ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህራችን አንድ ቀን «አበበ ቢቂላ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ የሮጠው ስለ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁን። ከመካከላችን የሚበዙት ሳያመነቱ «ጫማ ስላልነበረው ነው» አሉ። መምህራችንም «ይህን የት አነበባችሁት?» ቢሉን ሁላችንም ዝም አልን። ሰምተነው ነበር እንጂ አንብበነው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ያ ዝምታ ነው። የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሆነው በዚህ መጽሔት፣ የስፖርት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ሳይጻፍም ሲቀር ምን እንደሚደርስበት፣ በዐቅማችን ለመግለጽ እንሞክራለን።

አስቀድሞ የሌላ አገር ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካ ሰዎች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው። በየወገኑ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ሆነው በዱላና በኳስ ይጫወታሉ፤ አንዱ ኳሷን ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ መትቶ በአራት ማዕዘን የተተከሉትን ምልክቶች እየነካ ለመዞር ይሮጣል። አባቶቻችን በልደት በዓል ሩር በዱላ እየመቱ የሚጫወቱትን ገና ለሚያስታውስ ሰው፣ ዱላና ኳስ ሲገናኙ የሚሰማው ደስታ እንግዳ አይሆንበትም። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም እንደሚባለው ሁሉ፣ በቤዝቦል ሜዳም ሀብታምና ድኻ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጮኻሉ።

የአሜሪካ ሰዎች ግን ጨዋታውን መጫወት ብቻ አልበቃቸውም፤ ጻፉት። ገና ጥንት፣ እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ሄንሪ ቻድዊክ የተባለ ጋዜጠኛ የየግጥሚያውን ውጤት በቍጥር ሰንጠረዥ እያደረገ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ግጥሚያውን ያላየ ሰው በማግሥቱ በወረቀት ሊከተለው ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1952 በርናርድ ማላመድ በቤዝቦል ተጫዋች ሕይወት ላይ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ከ32 ዓመት በኋላም ፊልም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሮጀር ካን የብሩክሊንን ቡድን ታሪክ አሳተመ። ጃኪ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1947 ጥቁሮች ተከልክለው ወደ ቈዩበት ታላቅ ውድድር የገባው በዚህ ቡድን ነው። ካን የጻፈው ስለ ድል ብቻ አልነበረም። ተጫዋቾቹ ካረጁ በኋላ ወደየቤታቸው ሄዶ እንዴት እንደሚኖሩ ጠየቃቸው፤ በሽታቸውንና ኀዘናቸውንም ጻፈ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚነበበውም ስለዚህ ይመስለናል።

ሆኖም መጻፍ ብቻውን እውነትን አያስገኝም። ቤዝቦልን ማን እንደ ፈጠረው ለማወቅ አንድ ጉባኤ ተሰይሞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1907ም በአንድ ሽማግሌ ቃል ተመርቶ «ጨዋታውን የፈጠረው አብነር ደብልዴይ ነው፤ ይኸውም በ1839 በኩፐርስታውን ነው» ብሎ ፈረደ። ደብልዴይ በኋላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጄኔራል የሆነ ሰው ስለ ነበረ ታሪኩ ለሁሉም አማረ። መቶኛውም ዓመት እ.ኤ.አ. በ1939 ሲከበር በዚያች ትንሽ ከተማ ለጨዋታው ጀግኖች መታሰቢያ ቤት ተመረቀ። ዳሩ ግን ደብልዴይ በተባለው ዓመት የጦር ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር እንጂ በኩፐርስታውን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1947 ሮበርት ሄንደርሰን የተባለ የኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የቈዩ መጻሕፍትን አገላብጦ ጨዋታው ከእንግሊዝ አገር የልጆች ጨዋታዎች እንደ ወጣ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። በእርግጥም የእንግሊዟ ደራሲት ጄን ኦስተን ደብልዴይ ሳይወለድ በጀመረችው ልብ ወለድ የቤዝቦልን ስም ጠርታለች። ጉባኤ የፈረደውን ተረት አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አፈረሰው።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። በአሜሪካ ቤዝቦል የያዘውን ስፍራ በእኛ ዘንድ የያዙት እግር ኳስና ሩጫ ናቸው። እግር ኳስን ሁላችን እንወዳለን፤ በዓለም ፊት ስማችንን ያስጠራው ግን ሩጫ ነው። የዚህም ታሪክ በር የተከፈተው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ ነው። የክብር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ፤ እስከዚያች ዕለት ድረስ ማራቶንን ከርሱ ፈጥኖ የሮጠ አልነበረም። የሞሮኮው ራዲ በ25 ሰከንድ ያህል ተከተለው። በኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። ሩጫው ሲያልቅ መሽቶ ስለ ነበረ መንገዱን ያበሩለት ችቦ የያዙ ወታደሮች ናቸው። ከመጨረሻው ምልክት ጥቂት ሲቀረው ያለፈበት የአክሱም ሐውልት፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአገራችን የወሰዱት ነበረ። ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከ45 ዓመት ገደማ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ነው።

ስለ ጫማው ጉዳይ መምህራችን የጠየቁንን ጥያቄ አሁን መመለስ እንችላለን። አበበ ጫማ አጥቶ አልነበረም። በሮማ የሞከረው አዲስ ጫማ እግሩን አልተስማማውም፤ በባዶ እግር መሮጥን ደግሞ በልምምድ ለምዶታል። ስለዚህ ከአሠልጣኙ ከስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ጋር መክሮ ጫማውን ተወው። ይህ የድኽነት ሳይሆን የዕውቀት ሥራ ነው። «ጫማ አልነበረውም» ስንል የምናመሰግነው እየመሰለን ብልኅነቱን እንነፍገዋለን።

ሌላም የሚነገር ነገር አለ። ስመ ጥሩው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ እግሩ ስለ ተሰበረ አበበ በመጨረሻው ሰዓት ተተክቶ እንደ ሄደ፣ ድሉም እንደ ድንገት እንደ ሆነ ያወራሉ። ነገር ግን አበበ ወደ ሮማ ከመሄዱ በፊት በአዲስ አበባ በተደረገው የማራቶን ሩጫ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገብቶ ነበር። ይህም የቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ሰዓት የፈጠነ ነው፤ ያውም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች፣ አየሯ በሳሳ ከተማ። እንዲህ የሮጠ ሰው በዕድል የተሳፈረ መንገደኛ አይባልም። ዓለም ስላላወቀው ድንገተኛ መሰለው እንጂ፣ በጃንሜዳ ላዩት ሰዎች ድንገተኛ አልነበረም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ አበበ ዳግመኛ አሸነፈ፤ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ በውል አልሞላውም። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ተከታዩን በአራት ደቂቃ በለጠው። ኮን ኢቺካዋ የተባለው የጃፓን የፊልም ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው የዚያ ኦሊምፒክ ፊልም ውስጥ ካሜራው በአበበ ፊት ላይ ብዙ ይቈያል። ፊቱ ግን ምንም አይናገርም፤ ከዚያ ወዲህ የጻፉ ሁሉ ያን ዝምተኛ ፊት ለመተርጐም ደክመዋል። ከሁለቱ ድሎች መካከል በ1955 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር አበበና ማሞ ወልዴ ወደ ቦስተን ሄደው ነበር። በዚያች ከተማ የማራቶን ዕለት የቤዝቦል ግጥሚያ ማድረግ ልማድ ነው፤ የሩጫውም መንገድ አንድ ማይል ያህል ሲቀረው በታላቁ የቤዝቦል ሜዳ አጠገብ ያልፋል። አበበ በዚያ ቀን 5ኛ ወጣ። ጀግና ሁልጊዜ እንደማያሸንፍ ማወቅም የታሪክ ክፍል ነው።

ከድሉ በኋላ የመጣውንም መሸሸግ አይገባም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ ሕመም አስቸግሮት ሩጫውን ሲያቋርጥ፣ ማሞ ወልዴ የወርቁን ሜዳልያ ለአገሩ አስቀረ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር አበበ በመኪና አደጋ ተጐድቶ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። በእንግሊዝ አገር ሲታከም ግን ቀስት መወርወር ተማረ፤ ተቀምጦም ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ማሞ ወልዴ ከሮማው ድል በ12ኛው ዓመት በዚያችው በጳጉሜን 5 ቀን በሙኒክ ከተማ በ40 ዓመቱ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። የእርሱም የመጨረሻ ዘመን ከባድ ነበር፤ ከደርግ ዘመን ግድያ ጋር በተያያዘ ክስ ለዓመታት ታስሮ በ1994 ዓ.ም. ተፈታ፤ በዚያው ዓመትም ሞተ። በሜክሲኮ አብሮት የሮጠው አሜሪካዊው ኬኒ ሙር ጕዳዩን ለዓለም ለማሰማት ጽፎለታል። ሯጭ ስለ ሯጭ ሲጽፍ ብዕሩ ሌላ ኀይል አለው።

ስለ አበበ የተጻፉትን መጻሕፍት እንቍጠር። የገዛ ልጁ ወይዘሮ ፅጌ አበበ እ.ኤ.አ. በ1996 የአባታቸውን ድልና መከራ ጽፈው አሳትመዋል። ፖል ራምባሊ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ጋዜጠኛው ቲም ጁዳ ደግሞ በ2008 የየራሳቸውን መጻሕፍት አወጡ። እነዚህን ስናነጻጽር አንድ ትምህርት አገኘን። ልጅ ስለ አባት ስትጽፍ የቤቱን ነገር ታውቃለች፤ እንግዳ ሲጽፍ የማያውቀውን ቤት መፈለግ አለበት፤ ጋዜጠኛ ሲጽፍ ምስክርን ከምስክር ያጋጫል። አንዱ ብቻውን አይበቃም። ሦስቱም ግን የተጻፉት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው።

ከአበበ ቀጥሎ የመጣውን ታላቅ ሯጭ የማያውቅ በሰፈራችን የለም፤ ከመገናኛ ወደ ኡራኤል የሚወርደው አውራ መንገድ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም ይጠራል። ኃይሌ በአርሲ ሲያድግ ወደ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ ነበር። በሩጫው ጊዜ ግራ እጁን አጠፍ የሚያደርገው ያን ጊዜ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይሮጥ ስለ ነበረ ነው ይባላል። ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ሥዕል የለም፤ ዓለም ያደነቀው ሯጭ በልጅነቱ መጽሐፍ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በሕይወቱ ላይ በተሠራው ፊልም ኃይሌ ራሱን ሆኖ ተጫወተ፤ በ2004 ደግሞ ጂም ዴኒሰን መጽሐፍ ጻፈለት። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመቶኛ ሰከንዶች ብቻ ቀድሞ 10 ሺህ ሜትሩን ሲያሸንፍ የዕድሜ ታላላቆቻችን በየሰፈሩ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስበው እንደ ነበረ ነግረውናል። ቡድኑ ሲመለስም ሕዝቡ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ መንገዱን ሞልቶ ተቀበለው። ኃይሌ በቦሌ መንገድ ባሠራውና በባለቤቱ በወይዘሮ ዓለም ስም በጠራው ሕንፃ ውስጥ ሲኒማ ከፈተ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም በመጀመሪያው ዓመት 10 ሺህ ሰዎችን አሮጠ። እንዲህ ሆኖ ሩጫ ከሜዳ ወጥቶ ወደ ጎዳና፣ ወደ ሲኒማና ወደ ሕዝብ ልማድ ገባ።

እኅቶቻችንንም አንርሳ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ 10 ሺህ ሜትሩን ስታሸንፍ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ የወርቅ ባለቤት ሆነች። ነሐሴ 1 አበበ ቢቂላ የተወለደበት ቀን ነው፤ እርሱ ከተወለደ ልክ 60 ዓመት ሞልቶ ነበር። ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ስላበቀለችው ስለ በቆጂ ከተማና ስለ አሠልጣኙ ስለ ስንታየሁ እሸቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ፊልም አለ። ይህንንም የሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው።

ከሁሉ ያስደነቀን ግን ወደ ቤታችን የቀረበው መጽሐፍ ነው። ማይክል ክራውሊ የተባለ እንግሊዛዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ 15 ወር ያህል በኢትዮጵያ ተቀምጦ፣ በኮተቤ እየኖረ፣ አማርኛ ተምሮ፣ ከሯጮች ጋር እየሮጠ ያየውን እ.ኤ.አ. በ2020 በመጽሐፍ አሳተመ። ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ልምምድ የሚሄዱትን፣ በደኑ ውስጥ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ በዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ መሮጡን፣ ለየቀኑ ልምምድ የየቦታውን አየር መምረጣቸውን ገልጿል። ሯጮቻችን ብቻውን መሮጥን ብቻውን ከመብላት እንደማይለዩት፣ ጕልበትም በኅብረት እንደሚገኝ እንደሚያምኑ አስረድቷል። የውጭ ሰዎች «ተራራው ነው፣ ደሙ ነው፣ ድኽነቱ ነው» የሚሉትን ሁሉ ትቶ ሯጮቹን ራሳቸውን ጠየቀ። እኛ ያን ደን በየቀኑ እያየን ያልጠየቅነውን፣ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ጠየቀ። ይህን ስናነብ ደስ አለን፤ አፈርንም።

በአገራችን ቋንቋ ምንም አልተጻፈም ማለታችን አይደለም። ጋዜጠኛው ገነነ መኩሪያ «ኢሕአፓና ስፖርት» በተባለው መጽሐፉ በአብዮቱ ዘመን የነበሩትን ወጣቶችና ስፖርታቸውን ከመረሳት አድኗል። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ግጥሚያውን በድምፁ ያደረሰው ደምሴ ዳምጤ እስከ ዛሬ በወላጆቻችን ጆሮ አለ። ነገር ግን ድምፅ የሰማው ሰው እስካለ ድረስ ይኖራል፤ መጽሐፍ ያልሰማውንም ያስተምራል።

አንዳንድ ሰው «የሯጭ ሥራው መሮጥ ነው፤ ሜዳልያው ይናገር የለምን? ስለ ጨዋታ መጽሐፍ ከመጻፍ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት መጻፍ አይሻልምን?» ይል ይሆናል። እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ አስበን ነበር። ነገር ግን ሜዳልያ ሰዓቱን እንጂ ሰውየውን አይናገርም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የክርስቲያንን ሕይወት በሩጫ መስሎ አስተምሯል፤ ሩጫን አላናቀውም። የአንድ ሕዝብ ጠባይ በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ሳያስገድደው ማለዳ ተነሥቶ በሚያደርገው ነገርም ይታወቃል። ደግሞም ያልተጻፈ ታሪክ ባዶ ሆኖ አይቈይም፤ ተረት ይሞላዋል። አሜሪካኖችን ደብልዴይ እንዳሳታቸው እኛንም የጫማው ወሬ አስቶናል። ልዩነቱ እነርሱ ተረቱን የሚያርም ሰው ከቤተ መጻሕፍታቸው ማግኘታቸው ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምንፈጽመው በምኞት ብቻ ሳይሆን በሥራ ሐሳብ ነው። በሰፈራችን በልጅነታቸው በጃንሜዳ የሮጡ፣ አበበን ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉ፣ የሲድኒን ሩጫ በጐረቤት ቴሌቪዥን ያዩ ሽማግሌዎችና እናቶች አሉ። እያንዳንዳችን ከእነዚህ አንዱን ጠይቀን፣ የነገሩንን ከነዓመተ ምሕረቱ በአማርኛ ብንጽፈውና በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ብናስቀምጠው፣ ከኛ በኋላ ለሚመጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መነሻ ይሆናቸዋል። ወላጆቻችን ስንጠይቃችሁ ትዕግሥት እንድታደርጉልን፣ መምህራኖቻችንም «የት አነበባችሁት?» ማለታችሁን እንዳትተዉ እንለምናለን። የኛ መልስ «አላነበብነውም፤ ስለዚህ ጠይቀን ጻፍነው» የሚል ይሁን።

ነገም ማለዳ ሯጮቹ ወደ ኮተቤ ሲያልፉ እናያቸዋለን። ከእነርሱ መካከል ማንኛው ነገ በዓለም ፊት እንደሚቆም አናውቅም። ስሙን መጠየቅ ግን እንችላለን።